አንጀት ቤት የበቀለች ናና

እትዬ ዕድሜዋን የገፋችው ሰው አፍንጫውን ይዞ በሚያልፍበት ቤት ውስጥ ነው። ከቄራው ጀርባ ባለችው ጣሪያዋ ዝቅ ያለ አዳራሽ፣ ትኩሱን አንጀት ትቀበላለች፤ ፈርሱን ታራግፋለች፤ እንደ ካልሲ ገልብጣ ታጥባለች፤ ሞራውን በቢላ ጀርባ ትፍቃለች። የጸዳው አንጀት በጨው ታሽቶ ለቋሊማ ሠሪዎች ይሄዳል። አዲስ የገባ ሠራተኛ እዚያ ቤት የመጀመሪያ ሰሞን ምሳ አይበላም፤ የበላም አያቆየውም። እትዬን ግን ከገባችበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ አቅለሽልሿት አያውቅም።

ሁሉም «እትዬ» የሚላት ታናሽ ወንድሟ ስለሚላት ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር። አዝላ፣ አጉርሳ፣ ትምህርት ቤት አስገብታ ያሳደገችው እሷ ናት። ትምህርቱ አልሆንለት ሲል ደግሞ ደጅ ጠንታ አጠገቧ አስቀጠረችው። የተባረከው ግን እጁ ሳይሆን አፉ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ መሃል ቆሞ «እንቆቅልሽ!» ሲል፣ ወገቡ የተቆረጠው ሁሉ ድካሙን ረስቶ «ምን አውቅልህ!» ይለዋል። መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጡኝ!» እያለ አገር ሲቀበል፣ የተሸነፈውንም በሚጣፍጥ ስድብ ሲሞልጨው፣ የራሱ ስም ተረስቶ «አገር ስጠኝ» ተባለ። የሚያስቅ ሰው ያሠራል ብለው መሰለኝ፣ አለቆቹ ፎርማን አደረጉት። ያን ቀን እትዬ በደስታ አለቀሰች።

ሴትየዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሌላ አገር ነው የመጣችው፤ ቋንቋዋም ሌላ ነው። ባሏ ሞቶባት ነው የሚሉ ነበሩ፣ ጦርነት አፈናቅሏት ነው የሚሉም ነበሩ፤ እሷን የጠየቃት ግን የለም። ቢጠይቋትስ በምን ቋንቋ? ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን በሰማያዊ ሻሽ የምታስር ሴት ነበረች። በመጣች ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ገንዳው ላይ አጎንብሳ እየተናነቃት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ የያዘችውን አንጀት ግን እስከ ጫፉ አጥባ ስትጨርስ እትዬ አየቻትና አጠገቧ ላለችው፣ «ምስኪን! አንጀቴን እኮ በላችው» አለች።

ሴትየዋ እስከዚያ ቀን የለቀመችው ቃል በጣት የሚቆጠር ነው። «አንጀት»ን ከሥራው፣ «በላ»ን ከምሳው ተምራለች። ሁለቱን ባንድ ላይ ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ጓንቷን አወለቀች፤ ሽርጧን አራገፈች፤ አፏን በጣቷ ከፍታ ለእትዬ አሳየች። አልበላሁም ማለቷ ነው። እትዬ ደንግጣ፣ አዘንኩልሽ ለማለት የራሷን ሆድ እያሻሸች «አንጀቴን፣ አንጀቴን» ስትላት ደግሞ ባሰ፤ ሴትየዋ የእትዬን የገዛ አንጀት በልታለች የተባለ መስሏት ዓይኗ ፈጠጠ። በመጨረሻ እትዬ እጇን ታጥባ አቅፋ ሳመቻት፤ ያኔ ተረጋጋች።

ያን ዕለት ምሳ ላይ አገር ስጠኝ ተነሳ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ሳትበላ በላሽ ተብላ፣ አፏን ከፍታ ያስፈተሸች?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬም ሳቀች፤ ያስቅ ነበርና። ሴትየዋም ሁሉ ሲስቅ አይታ ሳቀች።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ደግ ነበር። አገር ስጠኝ ግን የወርቅ ጉድጓድ እንዳገኘ አወቀ። ቋንቋ ላስተምርሽ ብሎ ተጠጋት። «‹ውሃ› በይ» ይላታል፤ «ውሃ» ትላለች። «‹ቢላ› በይ»፤ «ቢላ»። ሴትየዋ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ «በይ» ካሉኝ ከፊቱ ያለውን ቃል መድገም ነው ብላ ያዘች። አንድ ቀን ጭነት ሲያስቸኩል «ቶሎ በይ!» አላት። ቀጥ ብላ ቆማ «ቶሎ» አለች። «ኧረ ቶሎ በይ!» ሲላት ድምጿን ከፍ አድርጋ «ቶሎ!» እጇ ግን አልተነቃነቀም። አገር ስጠኝ በሳቅ ገንዳውን ተደግፎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የስህተት መሆኑ ቀርቶ የሰርከስ ሆነ። እንግዳ ሾፌር ሲመጣ፣ ከዋናው ቄራ ሰው ብቅ ሲል፣ ይጠራትና ሰው ፊት ያቆማታል።

«ዝም በይ!»

«ዝም።»

«ዝም በይ አልኩሽ እኮ!»

«ዝም! ዝም!»

ሰዉ ሆዱን ይይዛል። እሷ ያጠፋችው ነገር እንዳለ ይገባታል፤ ምን እንደሆነ ግን አይገባትም፤ ስለዚህ ይበልጥ ጮክ ብላ፣ ይበልጥ ጥርት አድርጋ ትደግመዋለች። ያም እንቆቅልሽ ሆነ፤ ዝም በይ ሲሏት የምትናገር፣ ቶሎ በይ ሲሏት የምትቆም፣ ማን ናት? እትዬ ይህን ጊዜ አልሳቀችም። ቤት ገብተው እራት ሲበሉ፣

«አንተ፣ ያቺን ሴት ተዋት» አለችው።

«ምን አደረግኋት?»

«‹በይ› ማለት ምን እንደሆነ ንገራት። አንድ ቀን ይበቃታል።»

«እትዬ ደግሞ! ከነገርኳትማ ጨዋታው አለቀ።» አፉ ውስጥ ያለው ድንች እየታየ ሳቀ። እትዬ የዚያን ጊዜ አፉን ማየት ቀፈፋት፤ ልጅ ሳለ በገዛ ጣቷ ምግብ ፈልፍላ ታወጣለት የነበረውን አፍ። በማግስቱ ሴትየዋን ጥግ ወስዳ፣ እየሮጠች ቶሎን፣ አፏን በእጇ እየዘጋች ዝምን አሳየቻት። ሴትየዋ ሲገባት ፊቷ በእፍረት ቀላ። ያሳፈራት ትምህርቱ አይደለም፤ ለካ ሲያስቃቸው የከረመው ይህ መሆኑ ነው።

አንዲት ቃል ግን ቀርታ ነበር። በሴትየዋ ቋንቋ «ና» ማለት «አይሆንም»፣ «አይደለም»፣ «እንዳታደርግ» ነው። ጨው ይጨመርልሽ ሲሏት ራሷን ነቅንቃ «ና፣ ና» ትላለች። ይህን ያወቀው ማንም ሳይሆን አገር ስጠኝ ነው፤ ስሙንም ያወጣላት እሱ ነው።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«አንጀት ቤት የበቀለች ናና?»

ስሙ ያዘላት። እዚያ ግማት መሃል ናና የምትባል ሴት መኖሯ ለሁሉም ጣማቸው። ከጫኞቹ መሃል ደግሞ አንድ ሥጋ በትከሻው የሚያመላልስ ወፍራም ሰውዬ ነበር፤ ይሄ ሰው ልማድ አመጣ። በደም የራሰ ካፖርቱን እንደለበሰ ይጠጋታል። «ና! ና!» ትለዋለች ወደኋላ እያፈገፈገች። «እሺ፣ መጣሁ፤ አንቺ ካልሽ» ይልና አንድ እርምጃ ይቀርባል። «ና!» ስትለው ሌላ እርምጃ። ግድግዳ እስኪያስደግፋት። ወንዶቹ ያጨበጭባሉ። ሴቶቹ አፋቸውን በሽርጣቸው ሸፍነው ይስቃሉ። አገር ስጠኝ «ጠርታው እኮ ነው፣ ምን ያድርግ!» እያለ እንባውን ይጠርጋል።

እትዬ ቢላዋን እንደያዘች በመሃላቸው ገባች። «ንካትና እጅህን እዚሁ ገንዳ ውስጥ ታገኘዋለህ» አለችው። ሰውየው ሄደ፤ ሳቁ ግን ወዲያው አልሞተም። ያን ቀን ዳቦዋን ከፍታ መልሳ ጠቀለለችው። አንጀቱ አልሸተታትም። የሸተታት የሰዎቹ ጥርስ ነው።

ከአዳራሹ ጫፍ ጨጓራ የሚነከርበት የፈላ ውሃ ገንዳ አለ። ውሃው ሲለቀቅ ወለሉን በሚያቋርጥ ቦይ ወርዶ ጥግ ላይ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ጉድጓዱ የብረት ክዳን አለው። አንድ ጠዋት ሞራ ረግቶ ቱቦውን ዘጋው። አገር ስጠኝ ክዳኑን በብረት ፈንቅሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ ሞራውን በእንጨት ትንሽ ወጋ ወጋ አደረገና ቧንቧ ሠራተኛ ከዋናው ቄራ እንዲጠሩለት ልኮ፣ በር ላይ የቆሙ ሾፌሮች ወዳሉበት ወጣ። ሾፌሮቹ ጨዋታ ይወዳሉ። ክዳኑን አልመለሰም፤ ሰው እንዳይጠጋ የሚል ነገርም አላቆመም። እሱ ውጭ ሆኖ ሲያወራ የገንዳው ውሃ ተለቀቀ። ጉድጓዱ እስከ አፉ በፈላ ውሃና በሞራ ሞላ፤ እንፋሎቱ ወለሉን እንደ ጉም ሸፈነው።

ቧንቧ ሠራተኛው የሁለት ልጆች አባት፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አንጀት ቤት እምብዛም ስለማይመጣ ናናን አያውቃትም። መሣሪያውን አንጠልጥሎ በእንፋሎቱ ውስጥ ሲመጣ አየችውና እጇን እያወናጨፈች ጮኸች።

«ና! ና! ና!»

«አትሂድ»ን ታውቀው ነበር፣ እትዬ አስተምራታለች። ግን ሰው ሲደነግጥ የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው።

«መጣሁ እህቴ፣ መጣሁ!» አለ ሰውየው፤ አደጋ የደረሰባት መስሎት ሮጠ። ቀኝ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገባ።

ጩኸቱን ልተወው። እትዬና ናና በብብቱ ይዘው ጎትተው አወጡት። ቦቲውን ሲያወልቁለት ቆዳው ከካልሲው ጋር መጣ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ በቦታው የነበሩትን ሁሉ ቢሮው ጠራ። ቢሮው ምንጣፍ አለው፤ መስኮቱ ተዘግቶ በወፍራም መጋረጃ ተጋርዷል፤ የአንጀት ቤት ሠራተኞች ሊገቡ ነው ብሎ ሽቶ ረጭቶበት ነበር። አገር ስጠኝ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል።

«ክዳኑ ለጽዳት ነው የተነሳው ጌታዬ፤ ይህ ሁልጊዜም ያለ ነው» አለ። «ሰውየው ደግሞ ሙያተኛ ነው፣ ራሱን ጠብቆ በዳር በዳር ይሄድ ነበር። እሷ ናት ‹ና፣ ና› ብላ ጠርታ የከተተችው። እኔ ውጭ ሆኜ እንኳን ሰምቻለሁ። እነዚህ ሁሉ ምስክሮቼ ናቸው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «‹ና› ስትለው ሰምታችኋል?»

ሁሉም የጫማቸውን አፍንጫ አዩ። «ሰምተናል» አለ ወፍራሙ ጫኝ። «ሰምተናል» አሉ ሴቶቹ።

ውሸት አልነበረም፤ እትዬን ያንገሸገሻትም ይህ ነው። አንድም የውሸት ቃል ሳይናገሩ ሴትዮዋን እየቀበሯት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ናና ዞረ። «‹ና› ብለሽዋል?»

«አዎ» አለች ፈጥና። የጮኸችው እሷ ብቻ እንደነበረች ያወቁላት መስሏታል።

«ጉድጓዱ ክፍት መሆኑን አይተሻል?»

«አዎ። አየሁ።»

«ታዲያ እያየሽ፣ አውቀሽ ጠራሽው?»

አሁን ገባት። ራሷን በኃይል ነቀነቀች። «ና! ና! ና!»

አንዱ በአፍንጫው ፍርጥ አለ። ሌላዋ ሳቋን ልትውጥ ብላ ትን አላት። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ለቀቀው። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ከንፈሩን ነክሶ ወደ መጋረጃው ዞረ። አገር ስጠኝ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ዓይኑን በንጹህ ሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ሰውየው ሆስፒታል ተኝቷል፤ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ይቆረጥ አይቆረጥ ገና አልታወቀም። እነሱ ይስቃሉ። ናና ምን እንዳጠፋች ለማወቅ ፊታቸውን አንድ በአንድ ታያለች።

እትዬ አፏን በእጇ ያዘች፤ አልቻለችም። የቆሻሻ ቅርጫቱ ጋ ደርሳ አስመለሳት። ከሆዷ ያለው ሁሉ ወጣ። ሳቁ ቆመ።

አፏን በሻሽዋ ጠርጋ ቀና አለች። «ይቅርታ ጌታዬ። ፈርስ ሳራግፍ ዕድሜዬን ስገፋ አስመልሶኝ አያውቅም። እዚህ ሽቶዎት መሃል ነው የገማኝ።»

«አመመሽ እንዴ? ውጪና...»

«አላመመኝም። እነዚህን ይጠይቁልኝ፤ ይቺን ሴት ማን ብለው ነው የሚጠሯት?»

ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን ሲያይ ከሴቶቹ አንዷ በቀስታ «ናና» አለች።

«ናና ለምን ተባለች?»

መልስ ሳትጠብቅ እትዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሥራ አስኪያጁን ውሃ አነሳችና ለሴትየዋ ዘረጋችላት። «ትጠጫለሽ?»

«ና» አለች ናና ራሷን ነቅንቃ፣ ብርጭቆውን በእጇ ገፋ አድርጋ።

«አዩ?» አለች እትዬ። «በሷ አፍ ‹ና› ማለት ‹አይሆንም› ነው። አትምጣ ነው ያለችው። ይህን እዚህ የቆመው ሁሉ ያውቃል። ስም አውጥተውላታል፣ ተሳልቀውባታል፣ ግድግዳ አስደግፈዋታል። ከሁሉ በፊት ያወቀውም፣ ስሙን ያወጣላትም ይሄ ነው፤ ክዳኑን አንስቶ ለወሬ የሄደውም ይሄው ነው።»

«እትዬ!» አለ ወንድሟ። ድምፁ የልጅነቱን መሰለ።

«እትዬ አትበለኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ግራ ገባው። «ወንድምሽ አይደለም እንዴ?»

«ነው። አጉርሼ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔው ልንገርዎ።»

አገር ስጠኝ ፎርማንነቱ ተነጥቆ ከከተማው ዳር ወዳለው የቆዳ መጋዘን ተዛወረ። ናና ሥራዋ ላይ ቀረች፤ ይቅርታ ያላት ግን አንድም ሰው የለም። አንጀት ቤቶቹ ያኮረፉት እትዬን ነው። የወንድሟን እንጀራ የዘጋች፣ ጨዋታ የማታውቅ፣ የሆዷን ክፋት ሥራ አስኪያጅ ፊት ያስታወከች ይሏታል፤ የመጨረሻዋን እያሳሳቁ። ምሳ ላይ አግዳሚው ሞልቷል ይሏታል። እሷም ጨው ክፍል ገብታ ጆንያ ላይ ተቀምጣ መብላት ለመደች። በነሱ መሃል መጉረስ ራሱ ይዘገንናት ነበር።

አንድ እሑድ ናናን ይዛ ሆስፒታል ሄደች። በሩ ላይ የቧንቧ ሠራተኛው ሚስት ናናን በተነገራት ሰማያዊ ሻሽ ለይታ ክንዷን ዘርግታ መንገዱን ዘጋች።

«እርስዎ ይግቡ፤ ይቺ ግን አትገባም። ጠርታ ያቃጠለችብኝ እሷ ናት አሉኝ።»

«ማን አለሽ?»

«ፎርማኑ። ብርቱካን ይዞ መጥቶ ነበር።»

እትዬ ብርቱካኑን አየችው። የታማሚው ራስጌ ላይ፣ በላስቲክ እንደታሰረ ተቀምጧል። ይህንንም አድርጓል! አልጋው ሥር መጥቶ፣ እግሩን ያቃጠለበትን ሰው ራሱን እያሻሸ፣ እንደገና ያንኑ ተናግሯል። ፊቷን ከብርቱካኑ አዙራ ለሚስትየዋ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። ሰውየው ትራሱ ላይ ሆኖ ይሰማ ኖሯል።

«አስገቢያት» አለ።

ናና ገብታ ፋሻውን ስታይ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ንገሪልኝ እትዬ» አለ ሰውየው። «እኔ ‹ና› ስለተባልኩ አይደለም የሮጥኩት። ሰው ስለጮኸ ነው። ቃሉ ሌላ ቢሆንም እሮጥ ነበር።» ፋሻውን እያየ፣ «እነዚያ ግን ቃሏን የሚያውቁት ሰዎች፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳን ‹ቁም› የሚለኝ ይጥፋ?» አለ።

ሚስትየዋ ብርቱካኑን አንስታ ከነላስቲኩ መስኮቱ ሥር ባለው የቆሻሻ በርሜል ከተተችው። እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠው በዚያው ሳምንት ነው።

አገር ስጠኝ ከተዛወረ ጀምሮ የሚያድረው መጋዘኑ አጠገብ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አክስታቸው እያለከለኩ ደረጃውን ወጥተው እትዬ ቤት መጡ። እርቅ ፈልገው ነው።

«ልጄ፣ ይብቃችሁ» አሉ ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ። «ምላሱ ነው እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም። ጨዋታ ነው እኮ ያበላሸው።»

«አክስቴ፣ ጨዋታው አይደለም። ሆስፒታል ድረስ ብርቱካን ይዞ ሄዶ ዋሸ።»

«ፈርቶ ነዋ! የፈራ ሰው ምን አይል? አንቺ ደግሞ ሰው ፊት አዋረድሽው።»

«አዋረድኩት።»

«ታዲያ ይቅር በይው። ያንቺው ደም እኮ ነው።»

እትዬ መዳፎቿን ዘርግታ አየቻቸው።

«እሱ ነው የባሰብኝ» አለች። «የሌላ ሰው ቢሆን ምራቄን ጢቅ ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን የበላበትን ሳህን ሳጥብ ይቀፈኛል፤ እጄን ሳይ ይቀፈኛል። በዚህ እጄ ነው ያጎረስኩት። ሲስቅ ጥርሱ የኔን ጥርስ እንደሚመስል አይተውታል አክስቴ? እኔ መስታወት ማየት ትቻለሁ።»

እትዬ ተነስታ ብርድ ልብሱን፣ ምላጩን፣ የክረምት ጫማውን በአንሶላ ቋጥራ ሰጠቻቸው። ከባድ ስለነበር እስከ ታች ተሸክማ ሸኘቻቸው፤ ታክሲም ያዘችላቸው። አክስቲቱ በመስኮቱ በኩል እጇን ይዘው «ልብሽ ሲመለስ ጥሪኝ» አሏት። «እሺ» አለች፤ እሳቸውን ላለማስቀየም።

ከዚያ ወዲህ ወንድሟን ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ከበውት። ምን እያለ እንደነበር አልሰማችም። ሰዎቹ ግን ወደ ኋላ እየተለጠጡ ይስቁ ነበር፤ ከመሃላቸው አንዱ የሚያነክስ ሰው አረማመድ እያስመሰለ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። እትዬ አውቶቡሷ ደርሶ በሩን ከፍቶላት ሳለ ዞረችና በሌላው መንገድ፣ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።